ቸኮሌት፣ ጥሉላትና የጾም ጥያቄ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ምግብን በሁለት ወገን ይከፍላል፤ አንደኛው ሥጋንና "ጥሉላት" የሚባሉትን፣ ማለትም ወተትን፣ ቅቤን፣ አይብንና እንቁላልን፣ የሚያጠቃልለው የፍስክ ምግብ ሲሆን፣ ሌላው ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከቅባት እህሎች የሚዘጋጀው የጾም ምግብ ነው። ይህ አከፋፈል ሥር የሰደደው ላሟ የምትታለብበት ደጅና እህሉ የሚፈጭበት ጓዳ በአንድ ግቢ በነበሩበት፣ ወጡን የሠራችው ሴት ድስቱ ውስጥ የገባውን ሁሉ በእጇ መጥና በምታውቅበት ዘመን ስለሆነ፣ አንድ ምግብ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ምርምር የሚያሻው ጥያቄ አልነበረም።

ቸኮሌትና ከረሜላ ይህን ግልጽነት ያደበዝዙታል። ጣት በምታህል አንዲት ቁራጭ ውስጥ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ የካካዎ ፍሬ፣ ከሸንኮራ አገዳ የወጣ ስኳር፣ በሌላ አህጉር ታልቦ የደረቀ የዱቄት ወተትና ከአኩሪ አተር የተገኘ ሌሲቲን አብረው ይገኛሉ፤ የሚበላው ሰው ግን ከእነዚህ አንዱንም በዓይኑ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ "ይህ የጾም ነው ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ምእመን፣ ሳያስበው አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ያነሣል። የአንድ ነገር ምንነት የሚታወቀው በስሙ ነው፣ በባሕርዩ ነው ወይስ በግብሩ? ስም ሰዎች ነገሩን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ ባሕርይ ነገሩ በራሱ የሆነው ነው፤ ግብር ደግሞ ነገሩ የሚውልበት ሥራና የሚበላበት ዓላማ ነው። በአብዛኛው ምግብ ላይ ሦስቱ ተስማምተው ስለሚሄዱ መለያየታቸው አይታሰብም። በቸኮሌት ላይ ግን ይለያያሉ።

በስሙ እንጀምር ቢባል የካካዎ ዛፍ ራሱ በስም የተጫነ ነው፤ ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1753 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛፉን "ቴዎብሮማ"፣ በግሪክኛ የአማልክት ምግብ፣ ብሎ ሰይሞታል። ፍሬዎቹ ከወፍራሙ ቅርፊታቸው ወጥተው ለጥቂት ቀናት ከተብላሉ በኋላ በፀሐይ ይደርቃሉ፣ ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፤ ከክብደታቸው ግማሽ ያህሉ ስብ በመሆኑም ሲፈጩ ደረቅ ዱቄት በመሆን ፈንታ እንደ ተወቀጠ ኑግ ቅባታቸውን ለቀው ወደ ወፍራም ፈሳሽ ይለወጣሉ። በ1828 በኔዘርላንድስ የቫን ሃውተን ቤተሰብ የፈጠራ መብት ያገኘበት መጭመቂያ ይህን ስብ ከዱቄቱ መለየት አስቻለ፤ በ1847 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የነበረው የፍራይ ድርጅት ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ተለይቶ የወጣውን ስብ መልሶ በማዋሐድ እስከዚያ ድረስ መጠጥ ብቻ የነበረውን ቸኮሌት የሚቆረጠም አደረገው። በአፍ ውስጥ፣ ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት የሚቀልጠው ይህ ስብ በዓለም ሁሉ "የካካዎ ቅቤ" ተብሎ ይጠራል።

በማሸጊያው ላይ "ቅቤ" የሚለውን ቃል ያየ ጾመኛ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሆኖም የካካዎ ቅቤ ከላም ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ በባሕርዩ የኑግና የሰሊጥ ዘይት ወገን ሲሆን፣ ቅቤ የተባለው በቀዝቃዛ አየር ስለሚረጋ ብቻ ነው። በጾም ቀን ዳቦው ላይ የለውዝ ቅቤ የሚቀባ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ስም ግን በተቃራኒው አቅጣጫም ያስታል፤ ይህኛው ደግሞ ለጾመኛው የበለጠ ያሰጋል። በይዘት ዝርዝሩ ውስጥ "ዌይ" የሚለው ቃል በአማርኛ ቤት አጓት ተብሎ የሚታወቀው፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረው ፈሳሽ ነው፤ "ኬዚን" አይቡን አይብ የሚያደርገው የወተት ፕሮቲን ነው፤ "ላክቶስ" በወተት ውስጥ የሚገኘው ስኳር ነው። እነዚህ ሁሉ በባዕድ ስም የሚጠሩ ጥሉላት ናቸው። በአንጻሩ "ላክቲክ አሲድ" ስሙን ከወተት ቢወስድም፣ ለምግብ ኢንዱስትሪ የሚቀርበው በአብዛኛው የዕፅዋት ስኳር በባክቴሪያ ተብላልቶ የሚገኝ ነው። እንግዲህ ስምን ብቻ ይዞ መፍረድ የተፈቀደውን የሚከለክል፣ የተከለከለውን የሚፈቅድ መንገድ ይሆናል።

ወተት ወደ ቸኮሌት የገባው ዘግይቶ ነው። በስዊዘርላንድ በቬቬ ከተማ የሚኖረው ዳንኤል ፔተር በ1875 ያገኘው መፍትሔ ቸኮሌት ሠሪዎችን ለብዙ ዓመታት ያስቸገረውን አንድ ነገር ያስወገደ ነበር፤ ወተት አብዛኛው ውኃ ስለሆነና ውኃ የቀለጠ ቸኮሌትን ስለሚያበላሽ፣ ወተቱ አስቀድሞ ውኃው ሊወጣለት ይገባ ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ጥቁሩ ቸኮሌት ቢያንስ 35 በመቶ ደረቅ የካካዎ ይዘት ሊኖረው ሲገባ፣ የወተት ቸኮሌት የሚባለው ቢያንስ 25 በመቶ የካካዎና 14 በመቶ የወተት ይዘት ሊኖረው ይገባል፤ ነጩ ቸኮሌት ደግሞ ከካካዎው ዱቄት አንዳች ሳይኖረው በካካዎ ቅቤ፣ በወተትና በስኳር ብቻ የሚቆም ነው። የወተቱ ቸኮሌትና ነጩ ቸኮሌት የፍስክ መሆናቸው አያከራክርም። ወተቱ በፋብሪካ መድረቁም ሆነ ተከፋፍሎ አጓቱ ብቻ መግባቱ ፍርዱን አይለውጥም፤ በገጠሩ ቤት አጓትና አሬራ ከጥሉላት እንደሚቆጠሩ ሁሉ በከረጢት የመጣው የአጓት ዱቄትም ከዚያው ይቆጠራል።

ጥያቄው የሚከብደው ጥቁሩ ቸኮሌት ላይ ሲደረስ ነው። በይዘት ዝርዝሩ የካካዎ ፍጭ፣ ስኳር፣ የካካዎ ቅቤ፣ ሌሲቲንና ቫኒላ ብቻ ተጽፎ ሳለ፣ ከታች በደቃቅ ፊደል "ወተት ሊኖርበት ይችላል" የሚል ማስጠንቀቂያ ይገኛል። ምክንያቱ ያው ውኃ ነው፤ ቸኮሌት የሚሠራባቸው ማሽኖች በውኃ ሊታጠቡ ስለማይመች ብዙ ጊዜ የሚጸዱት የቀለጠ የካካዎ ቅቤ ወይም ቸኮሌት በውስጣቸው በማሳለፍ ነው፤ ስለዚህ በዚያው መስመር ቀደም ሲል ያለፈው የወተት ቸኮሌት ቅሪት ወደ ጥቁሩ ይሻገራል። ይህ በቤት ውስጥ የሚታወቀው የድስት ጥያቄ ወደ ፋብሪካ ተዛውሮ የመጣ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የጾም ድስትና የፍስክ ድስት የሚለዩት፣ ካልተለዩም ጾሙ ሲገባ ዕቃው በጥንቃቄ የሚታጠበው ስለዚሁ ነው።

የአይሁድ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመፍታት ሞክረዋል። በእነርሱ ሕግ ሳይታሰብ ወደ ሌላ ምግብ የገባ የተከለከለ ነገር በአብዛኛው ከ60 እጅ አንድ እጅ ካልሞላ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሆን ብሎ ጥቂት ጨምሮ "ከ60 እጅ በታች ነው" ሊል አይፈቀድለትም። በኢትዮጵያ ሥርዓት እንዲህ ያለ የልኬት ሕግ ባይኖርም፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ልዩነት፣ ታስቦ በገባውና ሳይታሰብ በተገኘው መካከል ያለው፣ ለማንኛውም ጾመኛ የሚጠቅም ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 14 የተጻፈው የዮናታን ታሪክ ጣፋጭን፣ ጥቂት መጠንንና አለማወቅን በአንድ ቦታ አገናኝቶ ስለሚያቀርብ እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባዋል። ንጉሥ ሳኦል ሠራዊቱ እስከ ማታ እህል እንዳይቀምስ በመሐላ አስሮት ሳለ፣ መሐላውን ያልሰማው ልጁ ዮናታን በዱር ያገኘውን ማር በበትሩ ጫፍ አጥቅሶ ቀመሰና ዓይኑ በራ። የቀመሰው ኢምንት ነበር፤ ሳኦል ግን ሞት ፈረደበት፤ ሕዝቡ ደግሞ አይሆንም ብሎ አዳነው። ታሪኩ መጠኑን ሰበብ አያደርግም፤ ዮናታንም ጥቂት ማር ቀምሻለሁ ብሎ ይናገራል እንጂ ጥቂትነቱን መከራከሪያ አያደርገውም። ቢሆንም ሳያውቅ የቀመሰው ዮናታን በመጨረሻ እንደ ደፋሪ አልተቀጣም።

ማስጠንቀቂያው ለማን እንደ ተጻፈ ማስተዋልም ይጠቅማል። "ወተት ሊኖርበት ይችላል" የሚለው ጽሑፍ የወተት አለርጂ ላለባቸው ሰዎች የተጻፈ ነው። የአለርጂ ሕመምተኛ አካል ሰውየው ቢያውቅም ባያውቅም፣ ቢፈልግም ባይፈልግም ለኢምንቷ ቅሪት መልስ ይሰጣል። ጾም ግን ሰው አውቆና ወድዶ የሚተወው ነገር ስለሆነ በአካል ላይ እንደሚደርስ መመረዝ ያለ ፈቃድ አይፈርስም። ጾምን እንደ አለርጂ መያዝ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቅሪት በፍርሃት እያሳደዱ መኖር፣ ከጾሙ ይልቅ ዝርዝሩን የሚያስከብር አካሄድ ነው፤ ዝርዝሩን ጨርሶ ሳያነቡ "እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ መጉረስ ደግሞ ማወቅ የሚቻለውን ለማወቅ አለመፈለግ ስለሆነ የዮናታንን አለማወቅ ሰበብ ሊያደርግ አይችልም። ከሁለቱ መካከል የሚገኘው ልክ፣ ተጽፎ የተነገረውን ወተት መተውና ስለ ቅሪቱ ከንስሐ አባት ጋር መመካከር፣ ለሥርዓቱ መንፈስ የቀረበ ይመስላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ምእመናን በዚህ ረገድ ሌላ ፈተና አለባቸው፤ በማሸጊያው ላይ የሚያገኟቸው ምልክቶች ለሌላ ሃይማኖት ወይም ለሌላ አስተሳሰብ የተሠሩ ናቸው። የአይሁድ "ፓርቬ" ምልክት ምግቡ ሥጋም ወተትም እንደሌለበት ቢያመለክትም እንቁላልንና ዓሣን አይከለክልም፤ የ"ሐላል" ምልክት ስለ ወተት የሚለው ነገር የለም፤ "ቪጋን" የሚለው ምልክት ከእንስሳት የሚገኘውን ሁሉ ስለሚያስወግድ ለጾመኛው ከሁሉ የሚመች ቢሆንም፣ ማርን ጭምር ይከለክላል። ማር ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከጥሉላት አይቆጠርም። ይህች ትንሽ ልዩነት ትልቅ ነገር ትገልጣለች፤ የቪጋን ሰው የሚጠይቀው "ከእንስሳ ተወስዷል ወይ?" ብሎ ሲሆን፣ ጾመኛው የሚጠይቀው "እንድተወው ታዝዣለሁ ወይ?" ብሎ ነው። ንብም እንደ ላም ፍጥረት ናት፤ ነገር ግን ማሩ በአባቶች ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የታልሙድ መምህራን ንብ የማትበላ ፍጥረት ሆና ሳለ ማሯ የተፈቀደው ከአበባ ሰብስባ ስለምታከማቸው እንጂ ከአካሏ ስለማታፈልቀው ነው ሲሉ አስረድተዋል።

ስለ ማር የተባለው በከረሜላ ላይ ለሚቀቡ ለሌሎች ነገሮችም በር ይከፍታል። ከረሜላን የሚያብረቀርቀው "ሼላክ" (ኢ 904) በእስያ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ነፍሳት የሚያፈልቁት ሙጫ መሰል ነገር ነው፤ "ካርሚን" (ኢ 120) የተባለው ቀይ ቀለም ደግሞ ቁልቋል ላይ የሚኖር ነፍሳት ደርቆ ከተፈጨ አካሉ የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው ለሰም ይቀርባል፤ ሁለተኛው የፍጥረቱ ሥጋ ነው። በአባቶች ዝርዝር ሁለቱም በስም አይገኙም፤ በምሳሌ ቢፈረድ ግን ሼላክን ከንብ ሰም ጋር ማስቀመጥ ቀላል ሲሆን ካርሚንን ከማር ጋር ማስቀመጥ ይከብዳል። ሌሎቹ ስማቸው የሚያስፈራ ቢሆንም ጉዳያቸው ቀላል ነው። ሌሲቲን (ኢ 322) ከአኩሪ አተር ወይም ከሱፍ ሲመጣ የጾም፣ ከእንቁላል ሲመጣ የፍስክ ነው፤ ቸኮሌትን በቀላሉ እንዲፈስ የሚያደርገው ኢ 476 ዋና ክፍሉ ከጉሎ ዘይት የሚገኝ ነው፤ በከረሜላ ውስጥ የሚገባው የግራር ሙጫም የኢትዮጵያ ቆላ ጭምር የሚያውቀው የዛፍ ዕንባ ነው።

ከሁሉ የከበደው ጄላቲን ነው። በእንስሳት ቆዳና አጥንት ውስጥ ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በአሲድ ወይም በአልካሊ ተዘፍዝፎ በሙቅ ውኃ ሲወጣ ጄላቲን ይሆናል፤ እንደ ጎማ የሚላመጠው ከረሜላና ማርሽሜሎ የሚቆሙትም በእርሱ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚወጣው ከአሳማ ቆዳ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ነው። እዚህ ላይ የእስልምና ሊቃውንት "ኢስቲሓላ" የሚሉት ትምህርት ይነሣል፤ ይህም አንድ ርኩስ ነገር ፈጽሞ ወደ ሌላ ባሕርይ ከተለወጠ የቀድሞው ፍርድ ይነሣለታል ወይ የሚል ነው። የወይን ጠጅ በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ሲሆን ሐላል መሆኑን ሁሉም ይስማሙበታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሐነፊ ሊቃውንት ትምህርቱን ሲያሰፉት የሻፊዒ ሊቃውንት በጥቂት ጉዳዮች ይወስኑታል። ሁለቱም ትምህርቶች በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ ተከታይ አላቸው። የዘመኑ የእስልምና ሊቃውንት የአሳማ ጄላቲን በእርግጥ ተለውጧል ወይስ ያው ኮላጅን መልኩን ቀይሮ ነው በሚለው ላይ ተለያይተዋል። በአይሁድ ዘንድም እንዲሁ የቪልናው ራቢ ሐይም ኦዜር ግሮድዘንስኪ ወደ ፈቃዱ ሲያዘነብሉ፣ በአሜሪካ የነበሩት ራቢ አሮን ኮትለር አጥብቀው ተቃውመዋል።

ይህ የለውጥ ክርክር ጥልቅ ቢሆንም ለኦርቶዶክሱ ጾመኛ እንዳለ አይሠራም። አሳማ በእስልምናና በአይሁድነት የተከለከለው በርኩስነቱ ስለሆነ፣ ርኩስነቱ ጠፍቷል ወይስ አለ ብሎ መጠየቅ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ያለ ክርስቲያንም በልማድ አሳማን ዘወትር ይሸሻል። ወተትና ቅቤ ግን ርኩስ ሆነው አይደለም የሚተዉት፤ በፋሲካ ሌሊት በደስታና በምስጋና የሚበሉ መልካም ስጦታዎች ናቸው። ርኩስ ነገር ቢለወጥ ሊነጻ ይችል ይሆናል፤ መልካሙ ስጦታ ግን የሚነጻ ነገር የለውም፤ የተተወውም መልካም ስለሆነ ነው። ስለዚህ "ወተቱ በፋብሪካ ተለውጧልና ተፈቅዷል" የሚል ክርክር ከርኩሰት ሕግ ተውሶ ወደ መሥዋዕት ሕግ የገባ ነው። ለእግዚአብሔር የሰጡትን ነገር መልኩን ለውጦ መልሶ መውሰድ መስጠቱን ያፈርሳል።

ስምና ባሕርይ እስከዚህ ያደርሳሉ፤ ከዚህ ወዲያ የግብር ጥያቄ ይመጣል። ይህን ጥያቄ በቸኮሌት ላይ አብዝተው የተከራከሩበት የካቶሊክ ሊቃውንት ናቸው። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የጾም ሕግ በቀን አንድ ማዕድ ሲያዝ፣ መጠጥን ግን እንደ ምግብ አይቆጥርም ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ በስኳርና በቅመም ስለተለወሱ፣ ለሆድ ማስታገሻ ስለሚወሰዱ ጣፋጮች ተጠይቆ፣ ምንም እንኳ ጥቂት ቢመግቡ የሚወሰዱት ለምግብነት ስላልሆነ ጾምን አያፈርሱም፤ አንድ ሰው በተንኮል እንደ ምግብ አብዝቶ ቢወስዳቸው ግን ያፈርሳሉ ሲል መልሷል። ባሕርዩ አንድ የሆነው ጣፋጭ በግብሩ ሁለት ፍርድ ማግኘቱ ነው። ቸኮሌት ከሜክሲኮ ወደ ስፔን ሲሻገር ይህ ትምህርት ፈተና ላይ ወደቀ፤ በውኃ የሚጠጣ ቢሆንም ወፍራምና የሚያጠግብ ነበርና። በ1636 አንቶንዮ ደ ሌኦን ፒኔሎ በማድሪድ ቸኮሌት የቤተ ክርስቲያንን ጾም ያፈርሳል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1664 ደግሞ ካርዲናል ፍራንቸስኮ ማርያ ብራንካቾ በሮም ባሳተመው ጽሑፍ ፈሳሽ ጾምን አይሽርም የሚለውን መርሕ ይዞ ቸኮሌትን ፈቀደ።

የካርዲናሉ መልስ በሥርዓቱ ውስጥ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከግብር ጥያቄ ሸሽቶ ወደ ባሕርይ የተመለሰ መልስ ነው። አኩዊናስ የጠየቀው "ለምን ይወሰዳል?" ብሎ ነበር፤ ብራንካቾ የመለሰው "ፈሳሽ ነው" ብሎ ነው። ያንኑ የቸኮሌት ጽዋ አንድ የኢትዮጵያ ሊቅ ቢጠየቅበት ግን መልሱ ገና ወደ ይዘቱ ሳይደርስ በሰዓቱ ይወሰን ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከሰዓቱ በፊት ውኃም አይቀምስም፤ ለሥጋ ወደሙ የሚዘጋጅ ሰውም 18 ሰዓት ከእህልና ከውኃ ይርቃል። ከውኃና ከካካዎ ብቻ የተዘጋጀው፣ ወተት ያልነካው ጽዋ በማድሪድ ጠዋት የተፈቀደ፣ በጎንደር ጠዋት የማይነካ ነው፤ በውስጡ ያለው ግን አንድ ቅንጣት አልተለወጠም።

ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ጾምን ሲተረጉም ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ መሆኑን፣ ዓላማውም ፈቃደ ሥጋን አድክሞ አካልን ለነባቢት ነፍስ ማስገዛት መሆኑን ይናገራል። ይህን ዓላማ ይዞ ወደ ጥቁሩ ቸኮሌት የተመለሰ ሰው የማይመች ጥያቄ ይገጥመዋል። ወተት የሌለው፣ በሰዓቱ የተበላ፣ በዝርዝሩ ነቀፋ የማይገኝበት ቸኮሌት ከፍስክ ምግብ አብዛኛው ይልቅ ይጣፍጣል። ነቢዩ ዳንኤል በምዕራፍ 10 ስለ ሦስት ሳምንት ጾሙ ሲናገር ሥጋንና ወይንን ብቻ ሳይሆን የሚጣፍጥ እንጀራንም መተዉን ይጠቅሳል፤ ጣዕሙ ራሱ ከሚተዉት ነገሮች ተቆጥሯል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች "የጾም ኬክ" ተብሎ የሚቀርበው፣ ከፍስኩ እንዳይለይ ተጠንቅቆ የተሠራው ኬክ የሚነሣውም በዚሁ ጥያቄ ሥር ነው። ሆኖም ጣፋጭን ሁሉ ከጾም ማስወጣት ከሥርዓቱ በላይ መሄድ ይሆናል፤ ሥርዓቱ ማርን አልከለከለም፤ ግሪካውያን ኦርቶዶክሶችም ከሰሊጥ የሚሠራውን ሐላዋ በጾም ወራት ይበሉታል። ደካማውን፣ ሕፃኑን፣ ቀኑን ሙሉ በሥራ የዋለውን ሰው ጥቂት ጣፋጭ ካበረታው ያ ቁራጭ ጾሙን ያግዛል እንጂ አያፈርስም። የሚያሳስበው ያ ጣፋጭ የተተወውን ነገር ቦታ ሲይዝ፣ ማለትም ጾመኛው ምንም ሳይጎድልበት ዝርዝሩን ብቻ ጠብቆ ሲያልፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የግብርን ጥያቄ ወደ ጥልቁ የሚወስደው ግን ኢሳይያስ ነው። በምዕራፍ 58 ሕዝቡ ጾምን ለምን አልተመለከትህም ብሎ እግዚአብሔርን ሲጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ስለ ምግብ ይዘት አንድ ቃል የለውም፤ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ታስጨንቃላችሁ የሚል ትርጉም ያለው ወቀሳ ነው። ነቢዩ የሠራተኛውን ጉዳይ ከጾም ውጪ ያለ ሌላ በጎ ሥራ አድርጎ አላስቀመጠውም፤ የጾሙ ምንነት ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ ካካዎው በማን እጅ ተለቀመ የሚለው ጥያቄ ለጾመኛው ባዕድ ጥያቄ አይደለም። አብዛኛው የዓለም ካካዎ በሚገኝባቸው በኮት ዲቯርና በጋና፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኖርክ ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት 1.56 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት በካካዎ እርሻ ላይ በሕፃናት ጉልበት ሥራ ተሰማርተው ነበር።

ይህን ጥያቄ ከሃይማኖት የተነሣ በቸኮሌት ላይ ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ታላላቆቹ የቸኮሌት ቤቶች ካድበሪ፣ ፍራይና ራውንትሪ የክዌከር እምነት ተከታዮች ሲሆኑ፣ ክዌከሮች ባርነትን ቀድመው ከተቃወሙት መካከል ነበሩ፤ የካካዎን መጠጥም ሰዎችን ከአልኮል ለማራቅ ይወዱት ነበር። ዊሊያም ካድበሪ በፖርቱጋል ሥር በነበሩት በሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ደሴቶች ካካዎው ከአንጎላ በግድ በመጡ ሠራተኞች እንደሚለቀም በ1901 ሰማ። ድርጅቱ መርማሪ ላከ፣ ከፖርቱጋልና ከብሪታንያ መንግሥታት ጋር ተነጋገረ፣ በእነዚህም ዓመታት ካካዎውን መግዛቱን ቀጠለ፤ ሦስቱ ቤቶች መግዛት ያቆሙት በመጋቢት 1909 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካድበሪ ስሙን ስላጠፋው አንድ ጋዜጣ ከስሶ ሲረታ፣ የሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪው) የፈረዱለት ካሣ በእንግሊዝ ገንዘብ ከሁሉ ያነሰችው አንዲት ፋርዚንግ ነበረች። በእነዚያ ስምንት ዓመታት በበርሚንግሃም ከነበረው የካድበሪ ፋብሪካ የወጣው ካካዎ በባሕርዩ ንጹሕ ነበር፤ ወተት ያልነካው፣ አልኮል የሌለበት፣ ለመልካም ዓላማ የሚጠጣ ነበር፤ ጥሬውን ከደሴቶቹ የገዙትም ክዌከሮች ዘወትር በዝምታ የሚጸልዩ፣ ካካዎው ከየት እንደ መጣ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።